የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራንና የሥራ መዛል፦ ምልክቶቹ፣ መንስኤዎቹና ማድረግ የሚቻለው

የሥራ መዛል ለረጅም ጊዜ የቆየና መላ ያልተበጀለት የሥራ ውጥረት የሚያስከትለው የአካልና የመንፈስ ድካም ነው። በባለሙያዎች ዘንድ በርንአውት በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ይታወቃል። ማንኛውንም ሠራተኛ ሊያጋጥም ቢችልም የሌላን ሰው ችግር በየቀኑ የሚሸከሙ ሰዎችን፣ ማለትም ነርሶችን፣ ሐኪሞችንና መምህራንን ያበዛል። ይህ ጽሑፍ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራንን ይመለከታል፤ በተለይም በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የሚያስተምሩትን። የተጻፈው ለራሳቸው ለመምህራኑና አብረዋቸው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው።

እነዚህ መምህራን ወደ ሕክምና ሲመጡ "ሥራው አድክሞኛል" ብለው አይመጡም። የሚሉት "ጨጓራዬ አስቸገረኝ"፣ "ራሴን ፈለጠኝ"፣ "ማጅራቴን ይዞኛል"፣ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ነው። እኔም በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ለአንዲት መምህርት በአንድ መንፈቅ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት አዝዣለሁ። መምህርት መሆኗ ካርዷ ላይ ተጽፏል፤ ስለ ሥራዋ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። በአራተኛው ጊዜ አብራት የመጣችው እህቷ ናት "ዶክተር፣ እሑድ ማታ ሲሆን እኮ ታለቅሳለች" ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ መምህር የሆነ ታካሚ ሲገባ ስንት ተማሪ እንደሚያስተምርና ማን እንደሚያግዘው ሳልጠይቅ አልሸኝም።

የሥራ መዛል በሽታ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ የሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ አስፍሮታል፤ በሽታ ነው አላለም። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሽታ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ከታካሚው ዘንድ ብቻ እንፈልግ ነበር። ችግሩ የሚፈጠረው ግን በሰውየውና በሥራው መካከል ስለሆነ የመፍትሔው ትልቁ ክፍል ያለው ሥራው ላይ ነው።

ቃሉን በሙያ ጽሑፍ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በኒውዮርክ ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የጻፈው በነጻ ክሊኒክ ስለሚያገለግሉ ሰዎች ሲሆን፣ ቀድመው የሚዝሉት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ከሁሉ ይበልጥ የሚተጉት መሆናቸውን አስተውሏል። ይህን የማነሳው ምክንያት አለኝ፤ ብዙ መምህራን መዛላቸውን እንደ ስንፍና ወይም እንደ እምነት ማነስ ቆጥረው ያፍሩበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሳቸው መገለጫዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ተኝቶ ሲነሱ የማይለቅ ድካም ነው። ሁለተኛው ከሥራው በስሜት መራቅ ነው፤ መምህሩ በፊት በስማቸው የሚጠራቸውን ልጆች "እነዚህ" ማለት ይጀምራል፣ ወላጅ ሲመጣ ይሸሻል፣ ቀልዱ መራራ ይሆናል። ሦስተኛው "ምንም ለውጥ አላመጣሁም" የሚለው ስሜት ነው። ይህ ሦስተኛው የልዩ ፍላጎት መምህርን በተለየ መንገድ ያገኘዋል። የመደበኛ ክፍል መምህር በመንፈቁ መጨረሻ የሚቆጥረው ውጤት አለው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ተለፍቶ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ወይም ሽንት ሲመጣበት በምልክት መናገር ቢችል ያ ትልቅ ውጤት ነው። ይህን ውጤት የሚያዩት መምህሩና እናቱ ብቻ ናቸው፤ የሪፖርት ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ጫናው ከየት ይመጣል?

በወረቀት ላይ ያለው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች አንስቷል፤ የመጀመሪያው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በ2012 ተሻሽሏል፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። አካል ጉዳተኛ ልጆች በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ይማሩ የሚለው የአካቶ ትምህርት አሠራርም የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በመሬት ላይ ግን ይህን ሁሉ ፖሊሲ ተሸክሞ የሚሄደው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሰው ይሆናል።

ያ ሰው በአንድ ልዩ ክፍል ውስጥ መስማት የተሳነውን፣ ማየት የተሳናትን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን፣ አንዳንዴም ኦቲዝም ያለበትን ልጅ በአንድነት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ አሥራ ስምንት ሊሆን ይችላል። ለአንዱ የምልክት ቋንቋ፣ ለሌላዋ ብሬይል፣ ለሦስተኛው ማጠቢያና መቀየሪያ ልብስ ያስፈልጋል። የድጋፍ ማዕከል ባለበት ትምህርት ቤት የተመደበ መምህር ደግሞ በጉድኝቱ ያሉትን ሌሎች ትምህርት ቤቶች እየዞረ እንዲያግዝ ይጠበቃል፤ በፋርታ ወይም በላይ ጋይንት ዳገት ይህ የእግር መንገድ ነው። ደብረ ታቦር ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ጉና ሲጠጉ ብርዱም ዳገቱም ይጨምራል።

ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ ያለውም ሥራ ቀላል አይደለም። ልጁን ከቤት የማውጣት ሥራ አለ። የልጁን ጉዳት እንደ እርግማን ቆጥሮ የሚደብቅ ቤተሰብን ደጅ ሄዶ ማሳመን ብዙ ቡና መጠጣትን፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ መምጣትን ይጠይቃል። ልጁ ከመጣ በኋላም እናቱ "መቼ ነው የሚናገረው?" ብላ ትጠይቃለች። ለዚህ ጥያቄ ሐቀኛና ርኅሩኅ መልስ በየሳምንቱ መስጠት ራሱን የቻለ ድካም ነው። ከባልደረቦች "የአንተ ክፍል እኮ ቀላል ነው፣ ፈተና የለው፣ እርማት የለው" የሚለው ቀልድ ሲጨመርበት ደግሞ ብቸኝነት ይሆናል።

በዚህ ላይ አካባቢው ያሳለፈው አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መንገድ አቋርጧል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ለመምህር ዕረፍት ይመስላል። ነገር ግን የልዩ ክፍል ልጅ ለወራት ከቆየ በኋላ ሲመለስ የለመደውን ረስቶ፣ አንዳንዱም የተኩስ ድምፅ አስፈርቶት ይመጣል፤ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። መምህሩ ራሱም የፈራ ሰው ነው። ደመወዝ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አለመመጣጠኑን እዚህ አላብራራም፤ አንባቢው ያውቀዋል።

ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ የዕረፍት ወራት ናቸው ቢባልም ብዙ መምህራን ደረጃቸውን ለማሻሻል የክረምት ትምህርት ይገባሉ፣ ሌሎች የቤተሰብ እርሻ ያግዛሉ። ከቡሄ እስከ መስከረም ምዝገባ ያለችውን ጊዜ በትክክል ያረፈ መምህር ብዙ አላጋጠመኝም።

ክፍል ውስጥ የሚጥል በሽታ ሲነሳ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ከመምህራን የምሰማው ትልቁ ፍርሃት ስለሆነ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ብቻውን ሆኖ ሌሎቹን ልጆች እየጠበቀ አንዱ ልጅ ሲወድቅ ያየ መምህር ማታ ላይ ያንኑ ያልማል።

ልጁ ሲወድቅ ሰዓት ይመልከቱ። ጠንካራ ወይም ስለታም ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፣ ለስላሳ ነገር ከጭንቅላቱ ሥር ያድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አያስገቡ፤ እጅና እግሩን አፍነው አይያዙ፤ እስኪነቃ ድረስ ውኃ አይስጡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት በአካባቢያችን የተለመደ ቢሆንም አይጠቅምም፣ ሊያቃጥልም ይችላል። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በሽታው በመተንፈስ ወይም በመነካካት አይተላለፍም፤ ለሃጩም አይጋባም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ልጁ መድኃኒት እንዲጀምር ማድረግ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በርካሽ ይገኛል፣ በትክክል ሲወሰድም በብዙ ልጆች ላይ መውደቁን ያቆማል ወይም ይቀንሳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚወድቅ ልጅ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ሲወድቅ የመምህሩም እንቅልፍ ይመለሳል። የልጆቹን ሕመም ማሳከም የመምህሩ ሕክምና ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። የመስማትና የማየት ምርመራም እንዲሁ፤ "አይሰማም" የተባለ ልጅ አንዳንዴ ያለበት ሊታከም የሚችል የጆሮ መግል ነው።

ድካሙ ሌላ በሽታ ቢሆንስ?

"ሥራ ነው" ብሎ መተው እንደ እኔ የጨጓራ መድኃኒት ሌላ ስህተት ይሆናል። የማያቋርጥ ድካም የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የቲቢ ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንቅርት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የቆየ ችግር ነው፤ ከድካሙ ጋር ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የክብደት መጨመር ወይም የአንገት ማበጥ ካለ የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋል። ላብ፣ ክብደት መቀነስና ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ካለ የቲቢ ምርመራ ይቀድማል። ድምፅ ደግሞ የመምህር የሥራ መሣሪያ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን በሐኪም መታየት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የድባቴ ሕመም ነው። የሥራ መዛል በመጀመሪያው ደረጃ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰውየው በበዓል ቀን ይስቃል፣ ልጆቹን አቅፎ ይደሰታል። ድባቴ ግን ቤትም ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ይከተላል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ሐዘን ወይም ደስታ ማጣት፣ ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ራስን ከመውቀስ ወይም ሐሳብ ለመሰብሰብ ከመቸገር ጋር ሲመጣ ሕክምና የሚሻ ሕመም ነው። ሐኪምዎ ስለ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ አጫጭር ጥያቄዎች ሊጠይቅዎ ይችላል። በቅንነት ይመልሱ። ያልታከመ የሥራ መዛል ወደ ድባቴ ሊያመራ ስለሚችል ድንበሩ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ሊለወጥ ይችላል?

መምህሩ ብቻውን ትንፋሹን ቢቆጥርና በጠዋት ቢራመድ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ሥራው እንዳለ ከቀጠለ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከሥራው እጀምራለሁ። ርዕሰ መምህሩን "በጣም ደክሞኛል" ብሎ ማነጋገር ብዙ ጊዜ "ሁላችንም ደክሞናል" በሚል መልስ ያልቃል። ይልቁን አንድ የተወሰነ ነገር ይጠይቁ፤ ለምሳሌ በየቀኑ ለሃያ ደቂቃ ክፍሉን የሚጠብቅ ባልደረባ። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ሽንት ቤት መሄድ፣ ውኃ መጠጣትና ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ሳቅ የሚያሰኝ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብቻቸውን በሚያስተምሩ ሴት መምህራን ላይ ግን ሽንት ይዞ መዋል ለተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አንዱ አጋላጭ ምክንያት ነው።

ለንጽሕና የሚያግዝ ሠራተኛ ወይም ፈቃደኛ እናት በተራ ብትገኝ፣ ትልልቅ ተማሪዎች ዕረፍት ላይ ቢያግዙ ጫናው ይከፈላል። ወላጆችን ለማነጋገር በሳምንት አንድ የታወቀ ከሰዓት በኋላ ይወስኑ፤ ከዚያ ውጭ የሚደወል ስልክ አስቸኳይ ካልሆነ ይቆይ። ይህን ማለት ለብዙዎች ነውር ይመስላቸዋል። ሐኪም ግን በተራ ቁጥር ያያል፣ ማንም ጨካኝ አይለውም።

በሌላ ወረዳ ያለ የልዩ ፍላጎት መምህር ጋር በስልክ መነጋገር ከማንኛውም ምክር ይበልጣል ያሉኝ ብዙ ናቸው። ደብረ ታቦር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ ከአብሮ ተማሪ ወይም ከቀድሞ አስተማሪ ጋር ግንኙነትን ማደስ አይከብድም። ሥራ የሚጀምር አዲስ መምህር በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው አደጋው ይበልጣል።

ለውጥን መዝግቡ። የእያንዳንዱ ልጅ ስም ያለበት አንድ ደብተር፣ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ መስመር፦ "ማንኪያ ያዘ"፣ "ሁለት ቁጥር ለየች"። ከሦስት ወር በኋላ ሲነበብ "ምንም አልሠራሁም" የሚለውን ሐሳብ የሚከራከር ማስረጃ ይሆናል።

ቤት ውስጥ

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በእግር ከሆነ አይጥሉት፤ ሐሳብን ለማራገፍ የተሰጠ ጊዜ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ያስፈልጋል። ቡና ወዳጅ ነው፤ ሆኖም እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ቢተወው ይመረጣል፣ ሦስተኛውን በረካ ለጎረቤት ቢተው ማንም አይቀየምም። አረቄና ጠላ ለማስተኛት ይረዱ ይመስላሉ፣ ሌሊት ላይ ግን እንቅልፉን ይቆራርጡታል። ለማነቃቃት ጫት፣ ለመተኛት ዲያዜፓም እየተባለ ከተጀመረ ጉዳዩ ወደ ሱስ እየሄደ ነውና በአፋጣኝ ይነጋገሩበት። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከፋርማሲ አይግዙ።

ዕድርና ማኅበር በመልካም ጊዜ የሚያሳርፉ፣ በድካም ጊዜ ደግሞ ሌላ የሥራ ዝርዝር የሚሆኑ ናቸው። ለቅሶ መቅረት አይቻልም። የጽዋ ማኅበር ተራን ለሁለት ወር ማስተላለፍ ግን ይቻላል።

ሴት መምህራን ከክፍል ወጥተው ወደ ምጣድ ይገባሉ። ባሎች ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ለሚስታችሁ የምትሰጡት ጥሩው መድኃኒት በሳምንት ሁለት ምሽት ልጆቹን ማስጠናትና እራት ማቅረብ ነው። ይህን በቀልድ አልጻፍኩትም፤ ለመድኃኒት መግዣ የሚወጣውን ገንዘብ አይቼዋለሁ።

ሕክምናውና ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

ለሥራ መዛል ራሱን የቻለ ክኒን የለም። ምርመራው ሌላ በሽታ ካላሳየ ሕክምናው ምክር፣ ዕረፍትና የሥራ ማስተካከያ ነው። ሐኪም ካመነበት የሕመም ፈቃድ ይጽፋል፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም በሐኪም ማስረጃ የሚሰጥ የሕመም ፈቃድን ያውቃል። ድባቴ ከተገኘ እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። ሱስ አያስይዙም፤ ለመሥራት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ ተሽሎኛል ብሎ በድንገት ማቋረጥ ግን ያገረሻል። ጸበል የሚጠመቁ ታካሚዎች መጠመቃቸውን መቀጠል ይችላሉ፣ መድኃኒቱን ብቻ አይተዉ። በጾም ወራት የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል። መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይምጡ፣ የተረጋጋችሁ ከሆነ ለረዘመ ጊዜ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

"አይዞሽ፣ ያልፋል" ማለት ክፉ ቃል አይደለም። ነገር ግን ወሬውን ይዘጋል። "ዛሬ ክፍል ውስጥ ምን ሆነ?" ብሎ ጠይቆ መስማት ይሻላል።

መምህሩ "ብሞት ይሻለኝ ነበር" ካለ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ወይም ሰው መሰናበት ከጀመረ፣ "ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። በገጠርና በከተማ ዳርቻ ባሉ ቤቶች የድንች ፀረ ተባይና የእህል ነቀዝ መድኃኒት በቀላሉ ይገኛሉ፤ በዚያው ቀን ከቤት አውጥታችሁ ሌላ ሰው ዘንድ አስቀምጡ። ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በዚያው ዕለት ይዛችሁት ኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አንድ ነገር ከወሰደ ለማስታወክ አትሞክሩ፣ ወተትም አታጠጡ፤ ዕቃውን ወይም መለያውን ይዛችሁ በፍጥነት ድረሱ።

ከሕመም ፈቃድ በኋላ ወደ ሥራ ሲመለሱ በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉው ጫና መግባት ያገረሻል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሁለተኛ ሰው እገዛ ወይም የተቀነሰ ክፍለ ጊዜ እንዲኖር ከመመለስዎ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይስማሙ፤ ሐኪሙም ይህን በማስረጃው ላይ ሊጽፍ ይችላል። ከአራት ሳምንት በኋላ ለክትትል ይምጡ፤ ቢቻል ከቤት አንድ ሰው ይዘው።